ግማሽ ሲኒ

ሐኪሙ «የእንቁላል ያህል ነው» አለኝ። ክብደት ለመቀነስ ከሚደረግልኝ ቀዶ ሕክምና በኋላ ምግብ የሚቀበለውን የጨጓራዬን ክፍል ማለቱ ነው። ስንት ሚሊ ሊትር ይይዛል ብዬ ስጠይቀው «30 ገደማ» አለ። ማታ ቤት ገብቼ በልጄ የሽሮፕ መለኪያ ውሃ እየቀዳሁ የሚስቴን የቡና ሲኒ ለካሁት። 60 ያዘ። ስለዚህ ግማሽ ሲኒ ነው። ሚስቴ «ምን እያደረግክ ነው?» አለችኝ፤ ነገርኳት። ሲኒውን ከእጄ ተቀብላ አጠበችውና ምንም ሳትናገር ረከቦቱ ላይ ደፋችው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታክሲ እነዳለሁ። ዕድሜዬ 47፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ74፣ ክብደቴ 128 ኪሎ። ስኳር አለብኝ፣ ደም ግፊት አለብኝ፤ ስተኛ ትንፋሼ እየተቋረጠ ስለሚያስቸግረኝም አፍንጫዬ ላይ አየር የሚነፋ ማሽን አስሬ ነው የማድረው። ልጄ «ፓይለቱ» ትለኛለች።

ለዚህ ቀዶ ሕክምና ማን ይመጥናል የሚለው የሚጀምረው ከአንድ ቁጥር ነው። ክብደትህን በኪሎ ወስደህ በቁመትህ ታካፍለዋለህ፤ የወጣውን ደግመህ በቁመትህ ታካፍለዋለህ። የኔ 42 ወጣ። 30 ከደረሰ ውፍረቱ እንደ ሕመም ይቆጠራል። አሜሪካ ውስጥ በ1991 የወጣው መመሪያ በሩን የሚከፍተው 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ሆኖ ስኳርን የመሰለ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት ሰው ነበር። በ2022 የዘርፉ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ዝቅ አደረጉት፦ 35 ብቻውን ይበቃል፣ ስኳር ካለ ደግሞ ከ30 ጀምሮ ሊታሰብበት ይገባል አሉ። አንዳንድ ኢንሹራንሶች ግን አሁንም በአሮጌው ነው የሚሠሩት። እኔ በአሮጌውም በአዲሱም አልፋለሁ። ፈተና እንዲህ በሰፊው አልፌ አላውቅም።

እኛ ዘንድ ውፍረት ሕመም ነው ብሎ ማስረዳት ቀላል አይደለም። አገር ቤት በገባሁ ቁጥር ቦሌ የምትቀበለኝ አክስቴ ቦርጬን ዳብሳ «ተመችቶሃል፣ እሰይ!» ትላለች። እኔ በጎረመስኩበት ዘመን «ከሳ» ማለት በሹክሹክታ የሚወራ ሌላ ነገር ነበር። ስለዚህ በከሳሁ ቁጥር ደስ ያለው ሰው አልነበረም፤ «ምነው? አመመህ እንዴ?» ነው የሚሉኝ። ያልታመምኩበት ጊዜ ደግሞ ያ ብቻ ነበር ለማለት እችላለሁ።

ደግሞ ከስቻለሁ። በ2012 እንጀራና ዳቦ እርግፍ አድርጌ ትቼ በስድስት ወር 19 ኪሎ ቀነስኩ፤ በዓመቱ 22 ሆኖ ተመለሰ። አንድ የአብይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እየጾምኩ ስነዳ ከርሜ 8 ኪሎ ወረደልኝ፤ ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ ዶሮ ወጡ አስመለሰኝ። ጂም ገብቼ በዱቄት ሼክ 14 ቀነስኩ። ሽፈራው ጠጥቻለሁ፣ ተልባ በሎሚ ጠጥቻለሁ፤ እነሱ እንኳ ከመጸዳጃ ቤት ሌላ የትም አላደረሱኝም። በመጨረሻ ለስኳሩ ብለው ያዘዙልኝ ኦዜምፒክ የሚባል መርፌ 11 አወረደልኝ። ያወረድኩትን ሁሉ ብትደምሩት 52 ኪሎ ነው፤ አንዲት ቀጭን ሴት ይወጣዋል።

የመርፌውን ነገር ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው እሱን ነውና የሚጠይቀኝ። ጥሩ ነበር። ረሃብ ብቻ ሳይሆን ስለ ምግብ ማሰቡ ራሱ ነው ጸጥ ያለልኝ። ነገር ግን ኢንሹራንስ ስቀይር አዲሱ ወረቀት ጎደለ እያለ አራት ወር አመላለሰኝ፤ በአራት ወሩ ኪሎውም ተመለሰ። ይህ የኔ ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ነው የገባኝ፦ ይኸው መድኃኒት ለክብደት በሚሰጥበት መጠን በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ ከሰውነት ክብደት 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ሲቆም ግን ከወረደው ሁለት ሦስተኛው በአንድ ዓመት ይመለሳል።

ለምን ይመለሳል? ቤተስዳ ያለው ብሔራዊ የጤና ተቋም በር ላይ ስንቱን ተሳፋሪ አውርጃለሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ የኔን ጉዳይ የሚያጠኑ ሰዎች መኖራቸውን ግን የነገረችኝ የተመደበችልኝ የምግብ ባለሙያ ናት። ኬቪን ሆል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ከተሳተፉ ሰዎች 14ቱን ከስድስት ዓመት በኋላ ጠርተው መረመሯቸው፤ ውጤቱ በ2016 ወጣ። አብዛኞቹ ያወረዱትን አብዛኛውን መልሰውታል። ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሰውነታቸው ቁጭ ባለበት የሚያቃጥለው ጉልበት ከእነሱ ጋር እኩል ከሚመዝን ሰው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር፤ ያውም ከስድስት ዓመት በኋላ። 500 ካሎሪ በእኛ ቤት በግምት አንድ እንጀራ ከነሽሮው ነው። ሰውየው ከጎረቤቱ እኩል በልቶ አንድ እንጀራ በትርፍ ይጻፍበታል ማለት ነው፤ በየቀኑ።

በዚያ ላይ ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን አለ። የሚመነጨው በአብዛኛው ከጨጓራ የላይኛው ክፍል ነው፤ «ራበኝ» የሚለውን መልእክት ለአንጎል ያደርሳል። ሰው ሲከሳ ይጨምራል፤ አውስትራሊያ ውስጥ በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከዓመት በኋላም ከፍ እንዳለ ነው። ሰውነት የከሳን ሰው ድርቅ እንደመታው ነው የሚያየው፤ ጎተራው ካልሞላ እንቅልፍ አይወስደውም። ባለሙያዋ ይህን ስታስረዳኝ የእጄን ጣቶች ነበር የማየው። ሃያ ዓመት ሙሉ ራሴን «ሆዳም» እያልኩ ነው የኖርኩት።

ለጓደኞቼ የነገርኩት ዳለስ ኤርፖርት፣ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ላይ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። እንደ ወትሯችን የአንዱ መኪና ኮፈን ላይ ትሪ ዘርግተን አራት ሆነን እንበላለን። ቀዶ ሕክምና አስቤያለሁ ስል ከሁላችንም ቀጭኑ «አፍህን መዝጋት አቅቶህ ሆድህን ልታስቀድድ?» አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ሳያልቅ ያው ሰውዬ ጥቅልል ያለ ጉርሻ ወደ አፌ አመጣ፤ አንድ ያጣላል ብሎ ሁለተኛውን አስከተለ። አፌን እንድዘጋ የሚመክረኝ ሰው አፌን የሚያስከፍተኝም እሱ ነው።

ወደ ሕክምናው ልመለስ። ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ስሊቭ በሚባለው ከጨጓራው ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቱቦ ነው፤ የወጣው አይመለስም። ባይፓስ ግን ምንም አያወጣም። ከላይ ያቺ ግማሽ ሲኒ ተለይታ ከትንሹ አንጀት መካከለኛ ክፍል ጋር ትሰፋለች፤ ቀሪው ጨጓራ ምግብ ሳያልፍበት እዚያው ይቀመጣል፣ ፈሳሹን ብቻ ወደ ታች ይልካል። አዲስ ነገር አይደለም፤ ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ ሐኪም አዮዋ ውስጥ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። አሁን ሆድ አይቀደድም፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ነው የሚሠራው። ጓደኛዬ ይህን አልሰማም።

ሐኪሙ ሌላ ሕመም አለብህ ወይ ሲለኝ እንደ ማንኛውም ሐበሻ «ጨጓራ አለብኝ» አልኩት። ሁሉም ሰው ጨጓራ አለው ብሎ ግራ ገባው። ቃር ማለቴ መሆኑን ሳስረዳው ግን ነገሩ ተለወጠ። ስሊቭ ቃር ያለበት ሰው ላይ ቃሩን ሊያባብስበት ይችላል፤ ስኳር ላለበት ደግሞ ባይፓስ የተሻለ ነው አለኝ። በአፌ ካሜራ አስገብተው አዩኝና ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ አገኙ፤ ሁለት ሳምንት መድኃኒት ዋጥኩ። አስቀድሞ የሚታየው በምክንያት ነው፤ ከባይፓስ በኋላ በዚያ ካሜራ ወደ ተዘለለው ጨጓራ መድረስ አስቸጋሪ ነው።

ሞትስ? ብዬ ጠየቅኩ። ከሺህ አንድ ገደማ ነው፣ የሐሞት ከረጢት ከማስወጣት ብዙ አይርቅም ተባልኩ። ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል፣ ደም ሊረጋ ይችላል። እኔን ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቫይታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ዕድሜ ልክ። ለወገቤ የምውጠው አይቡፕሮፌን ክልክል፣ ቁስለት ያመጣል። ስኳር የበዛበት ነገር ቶሎ ወደ አንጀት ከወረደ ማላብ፣ ልብ መምታት፣ ተቅማጥ። ጠጅና ቢራ ቶሎ ወደ ደም ስለሚገቡ አንዱ ብርጭቆ እንደ ሁለት ሊሆንብህ ይችላል፤ ወደ ሱስ የገቡም አሉ። ይህን ሁሉ ከፈረምኩ በኋላ እንኳ ኢንሹራንሱ በሐኪም የሚመራ የስድስት ወር የምግብ ክትትል ጠየቀ። ሃያ ዓመት የሞከርኩትን ማለት ነው።

ስሊቭ ያሠራች አንዲት የሰፈራችን ሴት አለች። ሚስቴ ናት ያገናኘችን። በመጀመሪያው ዓመት 34 ኪሎ ወርዶላታል፤ ከዚያ 6 ተመልሷል። በአራተኛው ወር ጸጉሯ በእፍኝ ይረግፍ እንደነበርና በኋላ እንደበቀለ፣ የክንዷ ቆዳ እንደተንጠለጠለ፣ ሠርግ ላይ «አልበላም» ማለት እንዴት እንደሚያስቆጣ ሳትደብቅ ነገረችኝ። «የሚነኩት ጨጓራህን ነው» አለች። «ማታ 5 ሰዓት ላይ የሚመጣብህን አምሮት ግን ራስህ ነህ የምትይዘው።» ይቆጭሻል ወይ አልኳት። ስልኳን አውጥታ ደረጃ ስትወጣ ልጇ የቀረጻትን ቪዲዮ አሳየችኝ። ደረጃ ብቻ ነው፤ 3 ፎቅ። አብረን እስከ መጨረሻው አየነው።

ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው፣ ጾሙ አስጨንቆኝ ነበር። ከቀዶው በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ በግማሽ ሲኒ ጨጓራ፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል እንዴት ይሞላል? ውሃም በአንዴ አይጠጣም፣ ቀኑን ሙሉ በጉንጭ በጉንጭ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። «የታመመ አይገደድም» አሉኝ። ቀጥለው ግን «ስትድን ንገረኝ» አሉ። መቼ ነው የምድነው? እሱን አልጠየቅኳቸውም።

እስካሁን ከሁሉም የከበደኝ ማኘክ ነው። ባለሙያዋ አንዱን ጉርሻ 25 ጊዜ አኝክ፣ ውሃ ከምግብ ጋር አትጠጣ፣ ከአሁኑ ተለማመድ ብላኛለች። ቤተሰቡ አንድ ትሪ ላይ ሲቀርብ እኔ በሲኒ ማስቀመጫ ሳህን ብቻዬን እቀርባለሁ። የ9 ዓመቷ ልጄ ትቆጥርልኛለች። እንጀራ 25 አይደርስም፤ በ11 ላይ የለም። «አባቢ፣ ዋጥከው!» ትላለች። ሳልውጠው ነው የጠፋው ብል አታምነኝም። ሥጋ ላይ ግን 25 ደርሼ 30 አልፌ አውቃለሁ።

የቆረጥኩት በሐምሌ ነው። አንድ ከ70 ዓመት የማያንሱ ነጭ እናት ከኤርፖርት አምጥቼ ሻንጣቸውን ከኋላ ኮፈን ሳወርድ አለከለክኩ፤ ሻንጣው 15 ኪሎ አይሞላም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «ተወው፣ እኔ አወርደዋለሁ» አሉኝና አወረዱት። ቲፕም ሰጡኝ፤ ደህና ገንዘብ ነው። የመለስኩላቸውን አላስታውስም። በማግስቱ ወደ ሆስፒታል ደውዬ ቀን ያዝኩ።

ለእናቴ ሳልነግራት ሁለት ወር ቆየሁ። ደሴ ናት፤ እሑድ እሑድ በኢሞ እናወራለን።

«ደህና ሰው ሆዱን ይቀደዳል እንዴ?» አለች።

«ደህና አይደለሁም እማዬ።»

ይህን ለእሷ ብዬው አላውቅም። ዝም ስትል ሌላ ሌላውን ቀጠልኩ፦ መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ፣ ከዚያ እንደ ሙቅ የላመ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ፣ በትንሽ በትንሹ።

«እንደ አራስ ማለት ነዋ» አለች።

«እንደ አራስ።»

«እንግዲያስ ሽሮውን ደግሜ አስፈጨዋለሁ፣ ድቅቅ እስኪል። በርበሬውን ልቀንሰው?»

«ቀንሺው። ደግሞ በዛ አድርገሽ አትላኪ፤ አንድ ኪሎ ይበቃኛል።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አምስት እልካለሁ» አለች። «እንግዳ ይመጣብሃል።»