ስጦታው ወደ አደባባይ፣ ደብዳቤው ወደ መዝገብ ቤት

ለባለሀብት የሚጻፍ የትብብር ደብዳቤ የትም ቢሄዱ መልኩ አንድ ነው። ከላይ ቀንና ቁጥር፣ መሃል ላይ «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ»፣ ከታች ፊርማና ክብ ማኅተም። የሚጠየቀውም ያው ነው፤ ለወጣት ማዕከሉ ቆርቆሮ፣ ለኳስ ሜዳው አጥር፣ ለአዳራሹ ወንበር።

አረርቲ ላይ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዘው የሚያንኳኩት በር በቅርብ ዓመታት በዝቷል። የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ ስሟ የሚነሳው በነጭ ጤፍና በሽምብራ፣ በአቅራቢያዋም ባለው የሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ነበር። ኋላ ሲሲሲሲ የተባለው ግዙፍ የቻይና ኮንስትራክሽን ኩባንያ የግንባታና የቤት ዕቃ ለሚያመርቱ ፋብሪካዎች የኢንዱስትሪ ፓርክ ይዞ መጣ። ፋብሪካ በገባበት ከተማ መሬት ይወሰዳል፣ የቤት ኪራይ ይንራል፣ ከየገጠሩ ሥራ ፈላጊ ወጣት ይጎርፋል። የሚሰበሰብበትና የሚጫወትበት ቦታ ግን በዚያው ፍጥነት አይሰፋም።

ይኸው ኩባንያ አዲስ አበባ ላይ በሌላ ሥራ ይታወቃል። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን የወዳጅነት አደባባይ የገነባው እሱ ነው። ያ ዘመን ለልማት ገንዘብ በቤተ መንግሥት እራት የሚሰበሰብበት የገበታ ዘመን ነበር። ግንቦት 2011 በምኒልክ ቤተ መንግሥት በተዘጋጀው «ገበታ ለሸገር» ላይ የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወንዝ ዳር ልማት ተባለ። በዓመቱ «ገበታ ለሀገር» ሲመጣ ዋጋው 10 ሚሊዮን ሆነ፤ ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ በዚያ ሊለሙ። የተከፈለው ለወጡ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ባንኩም ነጋዴውም የከፈለው ጥሪው ከማን እንደመጣ አይቶ ነው።

ሕጉም ወደዚያው ያደላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ድርጅት የሰጠውን ስጦታ ከግብር የሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት ይይዝለታል። ነገር ግን ስጦታው ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም መንግሥት ለልማት፣ ለአደጋና ለመሳሰሉት ላቀረበው ጥሪ የተሰጠ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፈው ዕድር ደግሞ በ2011 ከወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ውጭ ነው። ስለዚህ የቤተ መንግሥት እራት ለሒሳብ ሹሙ ይመቸዋል፤ የዕድር ዳኛ የጠየቀው ቆርቆሮ ግን ከትርፍ ላይ የሚወጣ ምጽዋት ይሆናል። እኔ ትልቁን ችግር የማየው ከባለሀብቱ ስስት ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ማስገደድስ? ህንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ ትልልቅ ድርጅቶች የሦስት ዓመት አማካይ ትርፋቸውን 2 በመቶ ለማኅበራዊ ጉዳይ እንዲያውሉ አዘዘች፤ ለሚሠሩበት አካባቢ ቅድሚያ እንዲሰጡም አከለችበት። ገንዘቡ በብዛት የሄደው ግን ቀድሞም ኢንዱስትሪ ወደሞላባቸው እንደ ማሃራሽትራ ወዳሉ ግዛቶች ነው። እንዲህ ያለ ሕግ እኛም ጋ ቢወጣ ለአረርቲ ክፉ ዜና አይሆንም፤ ፋብሪካው እደጃፏ ነውና። ፋብሪካ ለሌላት ጎረቤት ወረዳ ግን ምንም አይደርሳትም።

ሌላ የሚያሳስብም አለ። መሬት የሚሰጠው፣ ፈቃድ የሚያድሰው፣ ትብብር የሚጠይቀውም ያው አስተዳደር ሲሆን፣ ድርጅቱ «አልችልም» ለማለት ምን ያህል ነፃ ነው? እሺ ያለውም በቀለም የደመቀ ማዕከል አሳድሶ፣ ስሙን በእብነ በረድ አስቀርጾ፣ ሪባን አስቆርጦ ይገላገላል። ከዚያ በኋላ የውኃ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ዘበኛው ደመወዝ ይጠይቃል። በአንጻሩ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ለዓመታት ሳያባክን የሚይዘው ዕድር ነው፤ ወርኃዊ መዋጮ፣ ዕቃ ጠባቂ፣ ለሰበረም ቅጣት አለው። ሕጉ ለዕድር የተሰጠውን በወጪነት ቢቀበል፣ ከተማውም በደብዳቤው ላይ ከቆርቆሮው ቀጥሎ የአምስት ዓመት የጥበቃና የጥገና ሒሳብ ቢጽፍ፣ ሰጪው በመጀመሪያው ቀን የሚፈርመው ሙሉውን ዋጋ አውቆ ይሆናል።