ስለ ቦሌ ሙዚቃ አጫዋቾችና ስለ ዜማ ባለቤትነት

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በሚዘልቀው በቦሌ መንገድና በዙሪያው ባሉት ሰፈሮች፥ ማታ ማታ የሚሰማው ሙዚቃ ከቀድሞው የተለየ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። በፊት ለአንድ የጭፈራ ቤት መለከት ነፊው፥ ከበሮ መቺውና ዘፋኙ ሁሉ ተሰብስበው ነበር የሚያጫውቱት። ዛሬ ግን አንድ ሰው ብቻውን በሁለት ማጫወቻ ፊት ይቆማል፤ ሕዝቡ በአንደኛው ሲጨፍር እርሱ ሁለተኛውን ዘፈን በጆሮው እያዳመጠ የምቱን ፍጥነት ያስተካክልና፥ መጋጠሚያው ሳይታወቅ አንዱን ከሌላው ያገናኘዋል። ይህን ሰው ዲጄ ይሉታል። ሥራው ለተመልካች ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ምቱ ጥቂት የተዛነፈ እንደ ሆነ ጨፋሪው ሁሉ ወዲያው ያውቅበታል።

ልጃቸው ይህን ሙያ እንደ መረጠ የሚሰሙ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ይደነግጣሉ። ሌሊቱንና መጠጡን ይፈራሉ፤ መፍራታቸውም ተገቢ ነው። (አያቶቻችንም ስለ አዝማሪ ይህንኑ ይሉ ነበር፤ ሠርግና ድግስ ግን ያለ አዝማሪ አይደምቅላቸውም ነበር።) እኛ ግን ከዚህ ይልቅ ሳይጠየቅ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ እንላለን፤ ይኸውም ልጁ ደክሞ የሠራው ዜማ የማን ንብረት ይሆናል? የሚለው ነው። በሰው መሬት አርሶ የሚኖርና ርስቱን የሚያርስ ሁለቱም ገበሬዎች ናቸው፤ የመከሩ ዕለት ግን ልዩነታቸው ይታያል።

ለዚህ ነገር ከአቶ ዐምኃ እሸቴ ታሪክ የተሻለ ምስክር አናገኝም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 በወጣው ሕግ ሸክላ የማስቀረጽና የማስመጣት ሥራ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አቶ ዐምኃ ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ በ1969 ይህን ከልካይ ሕግ ተዳፍረው ዐምኃ ሬከርድስ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ የመጀመሪያውንም ሸክላ የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀርጸው አወጡ። በአገራችን የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀረጸው ድምፅ በመጀመሪያ ወደ ህንድ አገር፥ በኋላም ወደ ሊባኖስ እየተላከ ይታተም ነበር። እንዲህ ባለ ድካም እስከ 1975 ድረስ 100 ያህል ነጠላ ሸክላዎችንና ሌሎችንም ትልልቅ ሸክላዎች አሳተሙ፤ ከእነዚህም መካከል የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ይገኛሉ። በዚያው ዓመት፥ የመንግሥቱ ለውጥ ሲበረታ፥ አገራቸውን ትተው ወደ አሜሪካ ሄዱ።

ሱቁ ቀርቷል፤ ባለቤትነቱ ግን ከሰውዬው ጋር ተሰደደ። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ የተባለውን ተከታታይ የዜማ ስብስብ በፓሪስ ማሳተም በጀመረ ጊዜ፥ ለእነዚያ ዜማዎች ፈቃድ የሚሰጥ ባለቤት ነበራቸው። አቶ ዐምኃ በ2021 ዐረፉ።

ከዚህ ወደ ዘመናችን ልጆች እንመለስ። በአዲስ አበባ እንደገና ሙሉ እና ሚካኤል ሰይፉ የተባሉ ወጣቶች የማሲንቆንና የክራርን የመሳሰሉ የአገራችንን ድምፆች በኮምፕዩተር ከሚፈጠር ድምፅ ጋር አዋሕደው፥ ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ የተባለውን አዲስ ዓይነት ሙዚቃ አወጡ። እንደገና ሙሉ ለራሱ የመረጠው የሙያ ስም ኢትዮጵያን ሬከርድስ የሚል ነው፤ ይህ የአንድ ሰው ስም ሆኖ ሳለ የድርጅት ስም መምሰሉ ያስደንቀናል፥ ደስም ያሰኘናል። ሆኖም የሁለቱ ሥራ በ2014 ለዓለም የደረሰው 1432 አር በተባለ የዋሽንግተን ድርጅት በኩል ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ራሱ ዲጄና ሙዚቃ ደራሲ የሆነው ዳዊት ኤክሉንድ ነው። የሚካኤል «የአራዳ ልጅ» የታተመው በዚሁ ቤት ሲሆን፥ በ2016 የወጣው «ዘላለም» ደግሞ በኒው ዮርክ ባለ ሌላ ድርጅት ታተመ። ዲጄነትን መነሻው ያደረገው ሮፍናን ኑሪም በ2018 «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም በአገሩ ካወጣና ስሙ ከታወቀ በኋላ፥ በ2021 ዩኒቨርሳል ከተባለው የዓለም ታላቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተዋውሏል።

በባዕድ አገር መታተሙን ነውር አንለውም፤ አቶ ዐምኃም ሸክላቸውን በቤሩት አሳትመዋልና። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ ቤሩት ዋጋዋን ተቀብላ አተመች እንጂ ባለቤት አልሆነችም። የዛሬው ወጣት የሚፈርመው ውል ግን ማተምን ብቻ ሳይሆን ባለቤትነትንም ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ለስንት ዓመት፥ ለየትኛው አገር፥ በምን ያህል ድርሻ እንደ ሆነ የሚታወቀው ወረቀቱ ሲነበብ ነው። ልጁ የእንግሊዝኛውን ውል ሳይረዳው በደስታ ብቻ ቢፈርም፥ ወላጅ ሕግ አዋቂ ጠርቶ ማስነበብ ይገባዋል።

ሕጋችንም በዚህ ነገር ዝም አላለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዜማ ደራሲውን የገንዘብ መብት በሕይወቱ ሳለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅለታል፤ ይህም ማለት የልጅ ልጅ ይወርሰዋል ማለት ነው። መብቱን ለሌላ ማስተላለፍም በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ከዚህም ሌላ የታተመ ድምፅን ለሕዝብ የሚያሰማ ሁሉ ለከያኒውና ለአሳታሚው ተገቢ ክፍያ እንዲከፍል ተደንግጓል። በቦሌ፥ በገርጂና በሃያ ሁለት ያሉት የጭፈራ ቤት ባለቤቶች ለመጠጡና ለመብራቱ ሒሳብ እንደሚይዙ ለዜማውም መዝገብ ቢከፍቱ፥ ማታ የሰው ሸክላ የሚያጫውተው ዲጄ የራሱ ዜማ በሌላ ቤት በተጫወተ ጊዜ ድርሻው ይደርሰዋል።