የጋሪ ፈረሶች የክረምት ዝግጅት በግንቦት ይጀመራል

በሆሳዕናና በአካባቢዋ ከተሞች ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶችን በክረምት የሚያሰጋቸው ጭቃ ብቻ አይደለም። በእርጥብ አፈርና በፋንድያ የምትራባ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንብ የአፍሪካ ፈረስ በሽታን ታስተላልፋለች። በሽታው ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ካላገኙ ፈረሶች መካከል ከያዛቸው አብዛኞቹን ሊገድል ይችላል።

ክትባቱ በቢሾፍቱ የሚመረት ሲሆን፣ የመከላከል አቅም ለመፍጠር ሳምንታት ይፈጃል። በመሆኑም ሥራው ከሰኔ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግዥውን ለሐምሌ ማሸጋገር ለጽሕፈት ቤቶች ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በሽታው የሚበረታው በክረምቱ ማብቂያ በመሆኑ መዘግየቱ ዋጋ የሚያስከፍለው ባለጋሪውን ነው።

ዝንቧ በብዛት የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ፈረሱ ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ጋጣ መግባት አለበት። የጋጣው ወለል ከፍ ብሎ በዙሪያው የውኃ መውረጃ ቦይ ሊቀደድለት፣ ፋንድያውም በየዕለቱ ርቆ ሊደፋ ይገባል። በጭቃ የዋለ ኮቴ ማታ ካልተጠረገ ይበሰብሳል።