ቆሞ ነዳጅ የሚጠጣ መኪና





ቱም የሚደርሰው ናፍጣ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህም ዋጋው እየናረ ሄዷል።

ታዲያ በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ፒክአፑ ሞተሩ ሳይጠፋ ኃላፊውን ሲጠብቅ ማየት ያሳዝናል። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይፈጃል እንጂ አንዲት ክንድ አያራምድም። ጭቃውን ለማለፍ የገባው፣ በአራቱም ጎማ የሚያስኬደው ማርሽ ደረቁ መንገድ ላይ ሳይወጣ ይቀራል። ጎማው ነፋስ ጎድሎት፣ የማያስፈልግ ዕቃም ከኋላ ተጭኖ ይነዳል።

ጥፋቱ የሾፌሩ ብቻ አይደለም፤ ለነዳጁ እየፈረመ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ተሄደበት የማይጠይቅ አለቃም አለበት። ስለዚህ የየመኪናው ኪሎ ሜትርና ሊትር በየወሩ ተሰልቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጠፍ አባካኙ ከቆጣቢው ይለያል።

በደጃፍ ቆሞ የነደደው ናፍጣ፣ ከቱም ወደ ሚዛን ሆስፒታል ለምትላክ ወላድ ሊጎድልባት ይችላልና ይታሰብበት እላለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከቱም