ጋዜጠኛነትን ተምሮ ወዴት?

ከመቱ ወይም ከጎሬ የመጣ ተማሪ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ «ምን ትማራለህ?» ተብሎ «ጋዜጠኛነት» ያለ እንደ ሆነ፥ ዘመድ ሁሉ «እንግዲያ በቴሌቪዥን መቼ እናይሃለን?» ይለዋል። እኔንም ብለውኛል። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ቢሆንም መልሱ አጭር አይደለም።

አዲስ ዘመን ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም. ሲቋቋም አገራችን የጋዜጠኛነት ትምህርት ቤት አልነበራትም። የፊተኞቹ ጸሐፊዎች ሙያውን የለቀሙት ከዝግጅት ክፍልና ከባሕር ማዶ ነው። የእኛው አገር ልጅ፥ ኢሉባቦር ሱጴ የተወለደው በዓሉ ግርማ፥ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የተባለውን የኮሌጁን ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር፤ ኋላም አሜሪካ ሚሺጋን ሄዶ ተማረ። ተመልሶም መነንን፥ አዲስ ሪፖርተርንና አዲስ ዘመንን መራ። በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይን ባወጣ ጊዜ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ስለ ሙያው የሚያወራ ሰው ይህንንም ጨምሮ ማውራት ይገባዋል።

ዛሬ ትምህርቱ በአያሌ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። የራዲዮና የጋዜጣ ወንበር ግን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ብዙዎቹ ተመራቂዎች በዞንና በወረዳ የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት፥ በሕዝብ ግንኙነት ወይም በርዳታ ድርጅት ይቀጠራሉ። የሚያስነውር እንጀራ አይደለም። ልዩነቱ ግን ይታወቅ፤ ይኸውም አንዱ ስለ መሥሪያ ቤቱ ይናገራል፥ ሌላው መሥሪያ ቤቱን ይጠይቃል።

ያዩን እንውሰድ። የቡናው ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዘገበ። እዚያው ያዩ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የድንጋይ ከሰልና የማዳበሪያ ፋብሪካ ብዙ ገንዘብ ከበላ በኋላ ሳያልቅ ቆመ። የሕዝብ ግንኙነቱ ሠራተኛ የመሠረት ድንጋዩን ዜና ይጽፋል። ጋዜጠኛው ግን ከመሬቱ የተነሣውን ገበሬ ፈልጎ፥ ካሣው ስንት እንደ ነበረና አሁን በምን እንደሚኖር በኦሮምኛ ጠይቆ፥ ወረቀቱንም አይቶ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ ቋንቋው ከዲግሪው እኩል ያስፈልጋል፤ ቁቤውንም ፊደሉንም አጥርቶ የሚጽፍ ከእኛ መካከል ስንቱ ነው?

ባለፈው ክረምት መቱ ገበያ የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ ሦስት ነጋዴዎች ብጠይቅ ሦስት መልስ ሰጡኝ። አራተኛው «ለምን ትጽፈዋለህ?» አለኝ። ለዚህ በክፍል የተማርሁት መልስ አልነበረኝም። አጠገቡ ተቀምጬ አንድ ስኒ ቡና አብሬው ጠጣሁ፤ ሚዛኑን ያሳየኝ ከዚያ በኋላ ነው።