የምድር እንፋሎትና የመሬት መንቀጥቀጥ



መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ፥ ጦር ኃይሎች የሚገኘው ቤታችን ሲወዛወዝ ከእናቴ ጋር ደረጃውን ወርደን ደጅ ወጣን። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን «ልጄ፥ ይህ ሁሉ ምድርን እየበሱ እንፋሎት የሚያወጡ ሰዎች ያመጡት ጣጣ ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝምና መጻሕፍት አገላብጬ፥ መምህሬንም ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

የዚያ ምሽት መንቀጥቀጥ ሰው ያመጣው አልነበረም። መነሻው የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ ነው፤ በዚያ ቅልጥ ዓለት ከምድር በታች እየተገፋ ስንጥቅ ይከፍት ነበር። ሆኖም የአዛውንቱ ሐሳብ ከንቱ አይደለም፤ ሰውም ምድርን ሊያናውጥ ይችላል።

እንዴት ቢሉ፥ በሙቅ ውሃ ታጥቦ በእርጥብ ጠረጴዛ ላይ የተደፋ የሻይ ብርጭቆ ማንም ሳይነካው ሲንሸራተት አይታችሁ ይሆናል። በውስጡ የታፈነው አየር ሞቆ ትንሽ ስለሚያነሣው ነው። እንዲሁም በኃይል ወደ ጉድጓድ የተገፋ ውሃ በዓለት ስንጥቅ ገብቶ፥ ተጫጭነው የነበሩትን ገጾች ያላላቸዋል። ለብዙ ዘመን የተከማቸ ውጥረት ካለ ዓለቱ ይንሸራተታል፤ ምድርም ትናወጣለች።

በስዊስ አገር በባዝል ከተማ፥ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውሃ ሲገፋ ቆይቶ ኅዳር 29 ቀን 1999 ዓ.ም. መጠኑ 3.4 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ውሃው የቆመው ከሰዓታት በፊት ነበር። በደቡብ ኮርያ በፖሃንግ ደግሞ በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. መጠኑ ከ3 ያለፈ መንቀጥቀጥ ቢታይም ሥራው ቀጠለ፤ ኅዳር 6 ቀን 2010 ዓ.ም. መጠኑ 5.4 የሆነው መጥቶ ብዙ ቤት ጎዳ፥ ሰውም አቈሰለ። የመጨረሻው ውሃ ከተገፋ ሁለት ወር ያህል ሆኖት ነበር።

ስለዚህ ባለሙያዎች እንደ መንገድ መብራት ያለ ደንብ አወጡ። አረንጓዴ ሲሆን ሥራው ይቀጥላል፤ ቢጫ ሲሆን የውሃው ግፊት ይቀነሳል፤ ቀይ ሲሆን ይቆማል። ነገር ግን ምድር ውሃው ከቆመም በኋላ ስለምትናወጥ ቀዩ መብራት ቀደም ብሎ መብራት አለበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በአሉቶ ላንጋኖ በ1970ዎቹ ዓ.ም. 8 ጥልቅ ጉድጓዶች ተቈፍረው ኋላም የኤሌክትሪክ ጣቢያ ተሠርቷል። በዚያ ሙቅ ውሃና እንፋሎት በተፈጥሮ ስለሚገኝ፥ እንደ ባዝል ደረቅ ዓለት በኃይል መሰንጠቅ አያስፈልግም፤ አደጋውም ያነሰ ነው። ነገር ግን ስምጥ ሸለቆ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራማሪዎች በአሉቶ መሣሪያ ተክለው ብዙ ትናንሽ መንቀጥቀጦች መዝግበዋል። እንግዲህ አዲስ ጉድጓድ ከመቈፈሩ በፊት የተፈጥሮውን መንቀጥቀጥ መቍጠር ይገባል። አለዚያ የትኛው የተፈጥሮ፥ የትኛው የሰው እንደ ሆነ ለይቶ መፍረድ አይቻልም።

ይህን ለአዛውንቱ ባስረዳቸው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያውስ ቈጠራውን ከጉድጓዱ አጠገብ ለሚኖረው ሰው ያሳዩት» አሉኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ አላገኘሁም።