ልጆቻችሁ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሲሄዱ

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ መጥቶ «አባዬ ፈርምልኝ፣ ድሬዳዋ ልንሄድ ነው» ቢል መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? አባት «ስንት ብር ነው?» ይላል። እናት «ማን ይዟችሁ ይሄዳል? የትስ ታድራላችሁ?» ትላለች። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ እንመለስባቸዋለን። ሦስተኛውን ግን አብዛኞቻችን አንጠይቅም፦ «ሄዳችሁ ማንን ልታናግሩ ነው?»

የትምህርት ቤት ጉብኝት በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሽርሽር ሆኖ ያልቃል። ልጆች በአውቶቡስ ውስጥ ይዘፍናሉ፣ ብስኩትና ለስላሳ ይካፈላሉ፣ ከአንድ ትልቅ ነገር ፊት ተሰልፈው ፎቶ ይነሣሉ፣ ማታ ደክሟቸው ይመለሳሉ። ክፉ ነው አልልም፤ ልጅ መደሰት አለበት። ነገር ግን የድሬዳዋን አሮጌ ባቡር ጣቢያና ወርክሾፕ የመሰለ ቦታ ደርሶ ከፎቶ በቀር ምንም ሳይዙ መመለስ ያሳዝናል። ብረቱ ዝጎም ቢሆን ይቆይ ይሆናል፤ ብረቱን በእጃቸው ያሠሩት ሰዎች ግን እያረጁና እያለፉ ነው።

ለመሆኑ ቦታው ምንድን ነው? ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ እርሱም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሼፍኖ ጋር ሥራውን ያዘ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ ደረሰ። የመጀመሪያው አሳብ ሐረር መግባት ነበር። ሐረር ግን ከሜዳው ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተራራ ላይ ተቀምጣለች፤ ባቡር ደግሞ እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ፣ ከተማም በሐዲዱ ዙሪያ በቀለ። በመጀመሪያ ስሟ «አዲስ ሐረር» ነበር። ቀጥሎ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ቀጠለ፣ ሐዲዱም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ይወጣል።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ሐዲድ ላይ ያላለፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቡናና ጨው አልፎበታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ወራሪ ፊት አገራቸውን ለቀው ወደ ጅቡቲ የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። በወረራው ዘመን ደግሞ ሊቶሪና የምትባለው የጣሊያን ባቡር መጣች፤ የድሬዳዋ ሽማግሌዎች ስሟን እስከ ዛሬ አይረሱም። ዋናው የጥገና ሥራ የሚሠራው በድሬዳዋ ስለ ነበር በወርክሾፑ ውስጥ ቶርኖ ነበረ፣ ብየዳ ነበረ፣ ብረት ማቅለጫ ነበረ። ከውጭ የማይመጣ መለዋወጫ እዚያው ይሠራ ነበር። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረና ከባቡር ሠራተኞች ብዙዎቹ ፈረንሳይኛ ይናገሩ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ «ለገሃር» የምንለው ስም ራሱ «ባቡር ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። አሮጌው ጣቢያም በከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ከነፉርጎው ቀረ።

ኢያሱ ከዮርዳኖስ አሥራ ሁለት ድንጋይ ያስወጣበትን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ድንጋዮቹ የተተከሉት ልጆች አይተው እንዲጠይቁ ነበር። ድንጋይ ግን አይናገርም፤ መልስ የሚሰጥ አባት ከአጠገቡ ካልቆመ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። የድሬዳዋም ብረት እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጉብኝቱን የምታዘጋጁ መምህራን፣ ወይም በወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ወላጆች፣ ከአውቶቡሱ ኪራይ በፊት ጡረታ የወጣ አንድ የባቡር ሠራተኛ ፈልጉ። ነጂ ቢሆን፣ የቶርኖ ሠራተኛ ቢሆን፣ ትኬት ቆራጭ ቢሆን ግድ የለም። ድሬዳዋ ላይ ዘመድ የሌለው ጉባኤ ጥቂት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ብትጠይቁ አባቱ ወይም አጎቱ «የባቡር ሰው» የነበረ አይጠፋም። ደግሞ በነፃ አታድክሟቸው። የትራንስፖርትና የምሳ ወጪያቸው በበጀቱ ውስጥ ይግባ።

ልጆቹም ባዶ እጃቸውን አይሂዱ። ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥያቄ ይጻፍ፤ አንድ ብቻ። «ባቡሩ መቼ ተሠራ?» የሚለውን መምህሩ ክፍል ውስጥ ይመልሰው። ለሽማግሌው የሚቀርበው ሌላ ነው፦ «መጀመሪያ ቀን ሥራ ሲገቡ ምን ሰጡዎት?» «እጅዎ ተጎድቶ ያውቃል?» «ሌሊት በረሃ ላይ ባቡሩ ቢበላሽ ምን ታደርጉ ነበር?» «ባቡሩ የቆመ ቀን የት ነበሩ?» እንዲህ ያለ ጥያቄ በመጽሐፍ መልስ የለውም። ልጆች «አንቱ» ብለው መጠየቅን፣ ሽማግሌው ሲያስቡ ዝም ብሎ መጠበቅንም አብረው ይለማመዱ። ዝም ብሎ መጠበቁ ከሁሉ ይከብዳቸዋል።

ለሒሳብ መምህሩም ሥራ አለ። አንድ የሜትር መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። አገልግሎት በማይሰጠው በአሮጌው ሐዲድ ላይ ልጆቹ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ስፋት ይለኩ፤ ልክ 1 ሜትር ነው። የአዲሱ ባቡር ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ንገሯቸውና አሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ለምን እንደማይሄድ ራሳቸው ይድረሱበት። አዲሱን ሐዲድ ግን ማንም ልጅ ሊለካ አይጠጋ!

አንድ ከባድ ነገር አለ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር ኩርባ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሲያልፍ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህን ለልጆች እንንገር ወይስ እንለፈው? ለትንንሾቹ አያስፈልግም። ከሰባተኛ ክፍል በላይ ላሉት ግን ይነገር ባይ ነኝ፤ ፍጥነት፣ ክብደትና ኩርባ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በፊዚክስ የሚማሩት ነገር ነውና። ብቻ መምህሩ አስቀድሞ ሽማግሌውን ለብቻቸው ይጠይቃቸው። ያን ቀን ወዳጅ የሞተባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ነገር መናገር ካልፈለጉ በልጆች ፊት አይነሣባቸው።

አሁን ወደ አባትና እናት ጥያቄ እንመለስ። የእናትየውን ስጋት «አንቺ ደግሞ ትፈሪያለሽ» ብሎ ማለፍ አይገባም። መምህሩ ከልጆቹ በፊት ብቻውን ሄዶ ቦታውን አይቷል ወይ? ከባቡር ድርጅቱ የጉብኝትና የፎቶ ፈቃድ በደብዳቤ ተገኝቷል ወይ? ወርክሾፕ መናፈሻ አይደለም፤ የጥገና ጉድጓድ አለ፣ የተሳለ ብረት አለ፣ ግራሶና ዘይት አለ። ክፍት ጫማ አይሆንም። ለአሥር ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ቢመደብ፣ እርሱም ስማቸውን ይዞ ሲገቡና ሲወጡ ቢቆጥር መልካም ነው። ሴቶች ልጆች የሚያድሩበት ቦታ ሴት መምህርት አብራቸው ትደር። ይህን ሁሉ መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም።

ጊዜውም ይታሰብበት። ድሬዳዋ ሞቃት ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወቅት ይሻላል። በክረምት አትሂዱ። ደቻቱ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ይመስላል፤ ከተራራው ዝናብ ሲመጣ ግን ድንገት ይሞላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከአዲስ አበባ የምትነሡ ከሆነ በአዲሱ ባቡር ሄዳችሁ አሮጌውን ብታዩ ልጆቹ ሁለቱን ዘመን በአንድ ጉዞ ያገኛሉ፤ ባቡሩ የሚነሣበትን ቀን አስቀድማችሁ አጣሩ፣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለ ሆነም መኪና ይጠብቃችሁ። ይህ ሁሉ ከአቅም በላይ ከሆነ ለገሃር ቅርብ ነው። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የጣቢያው ሕንፃ አለ፣ የባቡር ጡረተኛም አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም።

የአባትየው ጥያቄ የገንዘብ ነበር። በየክፍሉ ወረቀቱን ለወላጁ ሳያሳይ ቦርሳው ውስጥ ቀዶ የሚጥል ልጅ አለ፤ ቤት ውስጥ ብር እንደሌለ ያውቃልና። በጉዞው ቀን «አሞኝ ነበር» ይላል። ባልና ሚስት ተነጋግራችሁ ከቻላችሁ የልጃችሁንና የአንድ ሌላ ልጅ ክፍያ አንድ ላይ ክፈሉ፤ የማን እንደ ሆነ መምህሩ ብቻ ይወቅ። ለገዛ ልጃችሁም ቢሆን አትንገሩት፣ ልጅ ምሥጢር አይጠብቅም።

ሲመለሱ ደግሞ «እንዴት ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አሪፍ ነበር» ብሎ ይተኛል። «ሽማግሌው ምን አሉህ?» በሉት። ትምህርት ቤቱም ጥያቄዎቹንና መልሶቹን በአንድ ደብተር ያስገልብጥ፤ ኮፒው በላይብረሪ ይቀመጥ፣ ዋናው በልጆቹ የእጅ ጽሑፍ እንደተጻፈ ለሽማግሌው ይላክላቸው።